አባዬ ለማርፈድ የሄደበት መንገድ

ዛሬ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ ከተማውን የሚዞረው ቤልትዌይ መንገድ ላይ አንዱ ክላክስ አደረገብኝ። አንዴ ብቻ፤ ጲጵ። ከዚያ አጠገቤ ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የአባቱን ገዳይ እንዳገኘ ሰው አፈጠጠብኝ። ከኋላዬ መሰላልና ባልዲ ጭኛለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ገና መሃል መንገድ ያለው ድልድይ ጋ ነኝ። ትከሻዬ ከማክሰኞ ጀምሮ የኔ አይደለም። ለአንድ ጲጵ የማወጣው ቁጣ ከየት ይምጣ? ሳቄ መጣ። ወንድሜ፣ አልኩት በሆዴ፣ አንተ ክላክስ የሚባል ነገር ሰምተህ አታውቅም። ህንድ አልሄድክማ።

እኔ ሄጃለሁ። አዎ፣ እኔው። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ጥዬ ድራይዎል መስቀል የጀመርኩት ልጅ። ድራይዎል ምን እንደሆነ ባታውቅ ምንም አልቀረብህም። ግድግዳ የሚሆን ከባድ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው። እኔ እሸከመዋለሁ፣ ሌላ ሰው ፎቶውን ይሰቅልበታል። ይኸው ነው።

ከዴልሂ እስከ ፑኔ፣ ከአባዬና ከእማዬ ጋር፣ በመኪና፣ አራት ቀን። ይሄን የማወራህ ደግሞ ለማስተባበል እንዳይመስልህ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ በርበሬ ልትገዛ ገብተህ እንኳ፣ እህትህን በጾም ለህንድ ዳራችኋት አሉ የሚልህ ሰው አታጣም። አዎ፣ ዳርናት። በጾም ነው። ለህንድ ነው። ሌላ ጥያቄ?

ሰው ምን ይላል ይሉሃል። ሰው እኮ ዝም ብትለውም ይላል። ዝም አለ ይላል።

እህቴ ሕሊና በዕድሜ ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በትምህርት በስንት እንደምትበልጠኝ አትጠይቀኝ። ፋርማሲስት ናት። ሮሃንን ያገኘችው እዚያው አሌክሳንድሪያ የምትሠራበት ቦታ ነው። ልጁ እዚያው አቅራቢያ በርክ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው፣ አገሩ ፑኔ። ጨዋ ነው። ሽሮ ይወዳል። ከኔ በላይ ነው የሚወደው፤ ይሄን ግን ለእማዬ አትንገርብኝ፣ ቤት ውስጥ ያለኝን ቦታ ልጁ ሊወስደው ትንሽ ነው የቀረው። ደግሞ ወጋችንን ጠይቆ፣ ሦስት ሽማግሌ ለምኖ አባዬ ጋ ላከ። ስንቱ ሀበሻ በቴክስት ነው የሚያገባው።

አባዬ ለሽማግሌዎቹ እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ። እናስብበታለን አለ። ሦስት ወር አሰበ።

አባዬን ላስተዋውቅህ። አገር ቤት ከጅቡቲ አዲስ አበባ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት። ጭነቱን አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ አስረክቦ አያውቅም ይባላል። የሚለው ራሱ ነው፣ ግን ይባላል። እዚህ መጥቶ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ውስጥ ገባ። የሰው መኪና ከአንደኛ ፎቅ ሦስተኛ ያወጣል፣ ከሦስተኛ አንደኛ ያወርዳል። አስራ አራት ዓመት ሙሉ ሲነዳ ከአንድ ህንጻ አልወጣም።

እሱ እያሰበ ሳለ የሮሃን ቤተሰቦች ቀን አስቆረጡ። የእነሱ ቀን ቆጣሪ ኮከብ አይቶ የሚሰጠው እንደኛ ‘ከሰዓት በኋላ’ የሚባል ሰዓት አይደለም። ደቂቃ ነው። ታኅሣሥ ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን፣ ጠዋት በፈረንጅ አቆጣጠር አስራ አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት። እማዬ ስትሰማ ሳቀች። የሀበሻ ሰርግ አራት ሰዓት ብለው ጠርተው ሙሽራው በስምንት እንደሚመጣ ለምዳ፣ አርባ ሁለቷ ደቂቃ ቀልድ መሰለቻት። ቀልድ አልነበረም። በዚያች ደቂቃ አባት የልጁን እጅ ይዞ በሙሽራው እጅ ላይ ያስቀምጥና ውሃ ያፈስበታል። ካለፈች አለፈች። ሌላ ጥሩ ቀን የሚገኘው ከወራት በኋላ ነው።

አባዬ ግን ደቂቃዋን አልሰማም። እሱ የሰማው ታኅሣሥን ነው። የገና ጾም!

በጾም ሰርግ የት አገር አለ? አለ።

ህንድ አለ፣ አልኩት።

አልሳቀም።

ሕሊና ቀድማ ከሮሃን ጋር ሄደች። ከዚያ ኮል አደረገችኝ። ልቅሶ የለም፣ ልመና የለም። “አባዬ እጄን ይዞ በራሱ አፍ ካልመረቀኝ ከክፍሌ አልወጣም። ሰዓቱ ይለፍ። እንግዳው ሁሉ በልቶ ይሂድ። አንተ አምጣልኝ።”

አመጣዋለሁ አልኳት። ቦሴን ሦስት ሳምንት ኦፍ ስጠኝ ብለው፣ ስትመለስ ቦታህ ላይ ሌላ ሰው ታገኛለህ አለኝ። ሰላም በልልኝ አልኩት።

አሁን የሚገርመው ነገር መጣ። አባዬን ለማሳመን ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ገባሁ፣ ገና አፌን ስከፍት እሄዳለሁ አለ። በአንድ ነገር ብቻ። ከዴልሂ ወዲያ አውሮፕላን አልሳፈርም፣ በመኪና ነው። አገሩን በአየር ላይ አልፌ፣ ልጅህን የት ሰጠሃት ሲሉኝ ምን ልበል? አለ። እማዬ አለቀሰች። እኔም ያዘጋጀሁትን ንግግር እዚያው ተውኩት። ሮሃንማ ከደስታው ብዛት የአጎቱን መኪና ከነሾፌሩ ዴልሂ ድረስ ላከ። ሦስት ቀን ያደርሳችኋል፣ እንዲያውም ቀድማችሁ ገብታችሁ ታርፋላችሁ አለን።

ሾፌሩ ራጁ ይባላል። ጢሙ የተቀባ፣ ሆዱ መሪውን የሚነካ፣ በየሰዓቱ ሻይ ካልጠጣ መንገዱ የማይታየው ሰው። እንግሊዝኛው ሰላሳ ቃል ቢሆን ነው። የአባዬም ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ በደንብ ተግባቡ።

ክላክሱን ልንገርህ። እዚያ አገር ክላክስ ስድብ አይደለም። ሰላምታ ነው፣ ይቅርታ ነው፣ መጣሁ ነው፣ ሄድኩ ነው፣ ምንም ነገር የለም እንዲያው ነኝ ነው። የጭነት መኪናዎቹ ጀርባቸው ላይ በቀለም፣ እባክህ ክላክስ አድርግ ብለው ይጽፋሉ። የኛዎቹ ጥቅስ እንደሚጽፉት ማለት ነው። አባዬ የመጀመሪያውን ሲያይ አቁሙልኝ ብሎ ፎቶ ተነሳበት። ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ እግሩ ስር የሌለ ፍሬን እየረገጠ፣ ላም ስትገባ እየጮኸ፣ አውቶቡስ ሲቀድመን እየተሳደበ። ደስ ብሎታል አልኩ። ሞኝ ነኝ።

በመጀመሪያው ቀን ጎማ ይፈተሽ አለ። አራቱም። ከዚያ ትርፍ ጎማው፣ ስኮርታው። ከዚያ አንድ ግንብ አየና ታሪኩን ልስማ አለ። አስጎብኚው በሂንዲ ይሁን በእንግሊዝኛ በማናውቀው ቋንቋ አንድ ሰዓት ተኩል አወራ፣ አባዬ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ይሄ ሰው እኮ ባለቤቱ ስታወራ አምስት ደቂቃ አይቀመጥም። በሁለተኛው ቀን ከቁርስ በኋላ መተኛት ጀመረ። ተኝቶ ሲነሳ ደግሞ ራጁን ሻይ ይጋብዛል። ራጁ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ተሳፋሪ ገጥሞት አያውቅም። በሁለተኛው ቀን ማታ ካርታውን ስልኬ ላይ ሳይ፣ መንገዱን አጋምሰን ማለፍ ሲገባን ገና ኡዳይፑር ነን።

ያኔ ገባኝ። እንዴት አልገባኝም ነበር? አባዬ እምቢ አይልም። ቢል ልጁን ያስቀየመ አባት ይባላል። እሺም አይልም። ቢል በጾም ለህንድ የዳረ ይባላል። እና ሦስተኛ ነገር ፈጠረ፤ መንገድ። አራት ቀን ተንከራትቼ፣ ላም እየዘለልኩ፣ በሽምግልናዬ መጣሁላት፣ ሰዓቱ ቀድሞኝ ሄደ። ማን ይወቅሰዋል? ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ይሄን አያስበውም።

ሆቴሉ በረንዳ ላይ ብቻውን አገኘሁትና ፊት ለፊት ነገርኩት። አልካደም።

“እምቢ አልኩ?” አለ። “አላልኩም። መንገድ ላይ ነኝ።”

ሕሊና ከክፍሏ አልወጣም እንዳለች ነገርኩት። “እኔ እዚያ አሜሪካ ሥራዬ የሰው ቁልፍ ተቀብሎ መመለስ ነው” አለ። “ልጄንም እንደ ቁልፍ ላስረክብ?”

ምን ትለዋለህ? እኔ ግን ተናደድኩ። በጀርባዬ ሰሌዳ ተሸክሜ ደረጃ የወጣሁት፣ ቤት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ያሰበው ቦታ ይድረስ ብዬ ነው። አሁን በኡዳይፑር በረንዳ ላይ ሊያስቀራት? ነገ በማለዳ እንነሳለን፣ ጎማም አይፈተሽም፣ ታሪክም አይሰማም አልኩት። እናያለን አለ።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ደግሞ እግዜር ራሱ ገባበት። ወይም ቅቤ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ህንድን ወዳታለች። በየመንገዱ ምግብ ቤቱ ሁሉ ንጹሕ የአትክልት ብቻ ብሎ ይለጥፋል። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ። እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ጿሚ ነው፣ የተባረከ፣ እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጠን እንኩራራለን እያለች፣ በየሄደችበት ምስሩንና ትኩስ ቂጣውን ታስመጣለች። አባዬም የጾም ቂጣ እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ እያለ አምስት ስድስት ይደረድራል።

ያን ቀን እማዬ እንደ ልማዷ፣ እንዴት እንደሚሠራ ልይ ብላ ወጥ ቤት ገባች። የትም አገር ብትወስዳት ወጥ ቤት ትገባለች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነው። አንዱ ወጥ ሠሪ ብሩሽ ይዞ፣ ቂጣው ከእሳት ሲወጣ እየነከረ ይቀባዋል። እኔ ግድግዳ እንደምቀባው። ምስሩም ላይ በጭልፋ ያፈስበታል። እማዬ ራጁን በእጇ የማለብ ምልክት አሳየችው፤ የላም ነው? ራጁ ደረቱን ነፋ። የላም ነው፣ አንደኛ ደረጃ፣ እንዲያውም በደጅ የምታልፈውን ላም ጠቆማት። ለካ እነሱ ዘንድ የተከለከለው ሥጋ ነው እንጂ ቅቤና ወተት ማንም አልከለከለውም።

ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል። እኛ ነገሩም ውስጥ ገባን፣ ጦሙንም አላደርነውም።

አባዬ አልሰማም፣ እያኘከ ነው። እማዬ ከፊቱ ቁጭ አለች።

“አንተ ሰውዬ፣ ስንተኛህ ነው?”

“ምኑ?”

“ቂጣው።”

“ሰባተኛ ይሆናል። ምነው?”

“ቅቤ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቅቤ ነው የበላነው።”

አባዬ ማኘኩን አቆመ። ቂጣውን አየው። እኔን አየኝ። ራጁ ሌላ ይምጣ ወይ ብሎ በእጁ ጠየቀ።

“ሳናውቅ የበላነውን እግዜር ያውቀዋል” አለች እማዬ፣ ድምጿን ሳትጨምር። “አውቀህ የምታስቀረውን ግን እኔም አውቃለሁ። እንግዲህ በልጄ ሰርግ ላይ ጾም የምትል ቃል ካፍህ እንዳትወጣ።”

ለካ እሷም ገብቷታል። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ እንዴት አይገባት።

ወደ መኪናው ተመለስን። አባዬ ከፊት ቁጭ ብሎ ከንፈሩን ይጠርጋል። አንዱ ምክንያቱ አለቀ። መንገዱ ግን ገና አለለት። ደግሞ ዕድሉ አይገርምህም? ሃያ ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ከፊት እንፋሎት ቡልቅ አለና መኪናው ቆመ።

ራጁ ኮፈኑን ከፈተ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ከበበን። ሁሉም መካኒክ ነው። ሁሉም ይከራከራል። ራጁ ስልክ ደወለና መካኒኩ ነገ ጠዋት ይመጣል አለን። ነገ ጠዋት! ሰርጉ ነገ ጠዋት ነው፣ ፑኔ ገና ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ሌላ መኪና ፈልጉልኝ ብዬ ያየሁትን ሁሉ ለመንኩ፤ የመጣልኝ አንድ ትራክተር ነው። ፑኔ? አልኩት ሾፌሩን። ሳቀ።

አባዬስ? ዛፍ ስር ሄዶ ተቀመጠ። እግሩን ዘረጋ። እንግዲህ የፈጣሪ ፈቃድ ነው አለ። ፊቱ ላይ የነበረውን ሰላም ብታየው! ሲፈልግ የነበረው ምክንያት በራሱ እግር መጥቶለታል፤ እንፋሎቱ እየጨሰ። እማዬ ጀርባዋን ሰጠችው። እኔ ለሕሊና ልደውልላት ስልኬን አወጣሁ።

ያኔ ራጁ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ፣ በሌላው ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ፣ የሚፈላውን ራዲያተር ክዳን ሊከፍት ሄደ።

አባዬ ከዛፉ ስር አየው። ፊቱን አዞረ። መልሶ አየው። ፊቱን አዞረ። እኔ ምን ላድርግህ፣ ልማድ ከሰው ጋር አብሮ ነው የሚያረጀው። “ተው!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። በአማርኛ። ራጁ አማርኛ አያውቅም፤ እንደዚያ ሲባል ግን ማንም ይቆማል። አባዬ ተነስቷል። ኮቱን አውልቆ ለእማዬ ሰጣት። ራጁን በክርኑ ገፋ አደረገው። ይብረድ፣ አሁን ከከፈትከው እንፋሎቱ ፊትህን ያቃጥልሃል አለ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን፣ አፍንጫውን፣ ጣቱን ከተተ። ቱቦው ነው የተሰነጠቀው አለ፤ ከዚያ የአንዱን ሰውዬ ብስክሌት አየ። እኔ ስለምን እስክል ድረስ የብስክሌቱ የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪው፣ ወጥቷል፣ ሰውዬው ስንት እጥፍ ዋጋውን ተቀብሎ እየሳቀ ነው፣ አባዬ ጎማውን በቢላ እንደ ፋሻ ቆርጦ ቱቦው ላይ እየጠመጠመ፣ በሽቦ እያሰረ፣ ራጁን እንደ ረዳቱ ያዘዋል። ያን አምጣ፣ ይሄን ያዝ፣ በዚህ በኩል ብርሃን አትከልክለኝ። አስራ አራት ዓመት እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ውሃ ሞሉ። አስነሳ አለ። መኪናው ተነሳ። የከበበን ሰው አጨበጨበ። ራጁ ኡስታድ አለው፤ የሙያ አባት ማለት ነው አሉ።

አባዬ በግራሶ የጨቀየ እጁን ወደ ላይ ይዞ፣ እየሳቀ ዞረ። ከዚያ እኔን አየ። ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ቢፈልግ የማያገኘውን ምክንያት በገዛ እጁ ጠገነው።

እኔ አልሳቅኩም። ይሄ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ከንፈሬን ነከስኩ። እማዬ ኮቱን መለሰችለት።

መኪናው ውስጥ ገባን። አባዬ ከፊት ሆኖ፣ ሳይዞር ጠየቀኝ።

“ስንት ሰዓት ነው የተባለው?”

“አስራ አንድ ከአርባ ሁለት።”

መንገዱን አየ። ሰማዩን አየ። የራጁን ነዳጅ መለኪያ አየ።

“ይደረሳል” አለ።

ከዚያ በኋላማ ራጁ መሪውን ይያዝ እንጂ የነዳው አባዬ ነው፤ በአፉ። ቅደም፣ አትቅደም፣ ማርሽ ቀንስ፣ ያ አውቶቡስ ይገባብሃል፣ ክላክስ፣ ክላክስ፣ ክላክስ። ሻይ ቀረ። ራጁ አንዴ ሻይ ቤት ሲያይ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፣ አባዬ እጁን ትከሻው ላይ ጫነው፣ ሻይ ቤቱ አለፈ። ሙምባይ ልንደርስ ስንል ትንሽ አረፍንና ማልደን ተነሳን። በፈረንጁ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ፑኔ ገባን። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድመን! እኛ፣ ሀበሾች!

አዳራሹ በር ላይ ወንበር ገና እየተደረደረ ነው። ሕሊና በቀይ ልብስ፣ እስከ ክርኗ በሂና ተስላ፣ ከክፍሏ ብቅ አለችና አባዬን አየችው። ሸሚዙ ግራሶ ነው። ልታቅፈው ስትል ወደኋላ አለ፣ ልብስሽን አበላሸዋለሁ ብሎ። እሷ መች ሰማችው።

አባዬ ታጠበ፣ ልብስ ቀየረ፣ በር ላይ ቆመና መጠበቅ ጀመረ። አስር ሰዓት ሆነ። አስር ተኩል ሆነ። ሙሽራው የለም። አስራ አንድ ሆነ። ከሩቅ ከበሮና ጥሩምባ ይሰማል። ለካ ሮሃን በነጭ ፈረስ ተቀምጦ፣ ዘመዱ ሁሉ ከፊቱ እየጨፈረ ነው የሚመጣው። ሁለት እርምጃ ሄደው ሩብ ሰዓት ይጨፍራሉ። አንድ አጎት መሬት ላይ ተንበርክኮ ትከሻውን ይሰብቃል፤ ፈረሱ ራሱ ሰልችቶታል። ሰዓቱ አስራ አንድ ከሃያ ሆነ።

አባዬ ሰዓቱን አየ። በሩን አየ። ልጄን አቁሞ? አለ። ይሄ ሰው፣ እንዳልኩህ፣ ከሦስት ቀን በፊት አገር የሚያህል መንገድ ይዞ ሊያረፍድ የተነሳ ሰው ነው። ፊቱ ቀላ። ከአዳራሹ ወጣ፣ ጭፈራው ውስጥ ገባ፣ የጥሩምባውን ሰው በእጁ ዘወር አደረገው፣ አጎትየውን ከመሬት አነሳው፣ የፈረሱን ልጓም ያዘ። ሮሃን ከላይ ሆኖ ሲያየው ደነገጠ።

“አረፈድክ” አለው አባዬ። በአማርኛ ነው፤ ሮሃን ግን ገብቶታል። “ልጄ ቆማ ነው ያለችው። ና።”

ፈረሱን ከነሙሽራው፣ ሰልፈኛውን ከነከበሮው እየሳበ አዳራሹ ደጃፍ አደረሰው። ሮሃን ወርዶ የአባዬን እግር ሊነካ ጎንበስ አለ፤ የእነሱ ወግ ነው። አባዬ ጉልበቴን ሊስም ነው ብሎ እንደኛ ወግ አገጩን ይዞ አነሳውና ግንባሩን ሳመው። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ጉልበቱ ላይ የወደቀ ወጣት አላየም። እኔንም ጨምሮ። ይሄን አልክድም።

ደቂቃዋ ስትደርስ የሕሊናን እጅ ይዞ ሰጠ። ውሃውን አፈሰሰ። ቄሳቸው በቃ ሲለው አልጨረስኩም አለ። በአማርኛ መረቀ፤ ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ሁኑ፣ መንገዳችሁን ያቅናው። መጀመሪያ አሜን ያልነው እኔና እማዬ ብቻ ነን። በሦስተኛው ምርቃት አዳራሹ በሙሉ፣ ምን እንደተባለ ሳያውቅ፣ አሜን ይል ነበር።

ስንመለስ ቦሴ እንዳለው ቦታዬ ላይ ሰው ነበር። አሁን ለሌላ ነው የምሠራው፣ ሰሌዳው ያው ነው፣ ክብደቱም ያው። ወሬውም ያው ነው። የእማዬ የማኅበር ጓደኞች ለእሷ አይነግሯትም፣ ለኔ ነው በዘወርዋራ የሚሉኝ። ለአባዬ ነገርኩት። ለመኪና ማቆሚያው ሥራ የሚለብሰውን ልብስ ከሚያጥፍበት ቀና ብሎ፣ ቅር ያለው ሰው ካለ ቅዳሜ ጠዋት በፈረንጅ አስር ሰዓት ቤቴ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ፣ አስር ከአምስት ግን በሩን እዘጋለሁ በላቸው አለኝ።

አልኳቸው። ይኸው ስድስተኛ ቅዳሜ ሆነ፣ በየሳምንቱ ይመጣሉ። አስር ከአምስት ሳይሞላ የደረሰ ሀበሻ ግን እስካሁን የለም።